ጠብቆ ይነበባል

እዚህ ከተማ ማንም «ፈረንጅ» ብሎ ተከትሎኝ አያውቅም፤
ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ዝም ካልኩ ከሐዋሳ ልጅ አልለይም።
ሾፌሩ ዞር ሳይል ይጀምራል፤ የቤንዚን ሰልፍ፣ የዝናብ መቅረት፣
የኔ ሥራ አንገት መነቅነቅ፣ «እውነት ነው፣ እውነት» ማለት።
አፌን የከፈትኩ እንደሆን ግን ያከትማል ዝምድናችን፤
በመስታወቱ ያየኝና ከፍ ይላል ሒሳባችን።

ስሜ ቺሶሞ ነው፤ በእናቴ ቋንቋ ጸጋ ማለት።
አከራዬ እትዬ ጨመሬ፣ ማላዊ ለቅቄ በመጣሁ ዕለት፣
«ይሄ ስም ምላስ ያስራል» ብለው «ጸጋዬ» አሉኝ።
ማታ እናቴ ደውላ በስሜ ስትጠራኝ፣
ማን እንደሆነ ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

ሰኞ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ ሰባት በር ሳንኳኳ ዋልኩ።
ሦስቱ አልተከፈተም። ከአራተኛው ውሻ ወጣ፤ ሮጥኩ።
ሁለቱ «እኛም እናመልካለን፣ ተባረክ» ብለው ሸኙኝ፤
ሰባተኛው ላይ አንዲት ልጅ ደብተር ይዛ ቆመችብኝ፦
«ይሄን ከሠራህ ትገባለህ።» ክፍልፋይ ነበር፤ ሠራሁት።
ገባሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ የመጣሁበትን ረሳሁት።

ማክሰኞ ውሃ ጠፋ። ሸሚዜ ሳሙና እንደጠጣ ቀረ።
ሐይቁ ዳር ስብከቴን ስከልስ ጦጣ ወርዶ ከረጢቴን በረበረ፤
ትራክቶቹን አንድ በአንድ ገልጦ፣ አሽትቶ፣ ጥቂቱን በላ።
እውነቴን ነው፣ በስምንት ወር እንዲያ በጥሞና ያነበበኝ የለም ሌላ።

ረቡዕ ማታ በጸሎት ቤቱ፣ ሃያ ሰው በተቀመጠበት፣
ሦስት ቀን ያጠናሁትን ቃል ያለ አስተርጓሚ ቆምኩበት፦
«እግዚአብሔር አለ።»
ጸጥታ። እነሱ ይጠብቃሉ። ጨርሻለሁና እኔም እጠብቃለሁ።
ከኋላ ወንበር አቶ ጋዴቦ፣ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው፦
«ምን አለ?»
ሳቁ የጣሪያውን ቆርቆሮ አንኳኳው። እኔም ሳቅኩ፣ ሳይገባኝ።

መምህሬ ዳንጊሶ ሲወጡ ጠብቆ በሩ ጋ አስረዳኝ፦
«ስታላላው ‹ተናገረ› ነው፤ ስታጠብቀው ነው መኖር።
ያንተ ቃል ጠብቆ ይነበባል፤ ሰው የሳቀው ለዚህ ነበር።»
«ታዲያ ፊደሉ አንድ ከሆነ፣ ምልክት ከሌለው በምን ልወቀው?»
ትከሻውን ነቀነቀ። «እኛም ማንም አልነገረን፤ ኖረን ነው።»

ያን ሌሊት ለእናቴ «ሁሉ ሰላም» ብዬ ጻፍኩ። ዋሸሁ።
ጎህ ሲቀድ ወደ አሞራ ገደል፣ ወደ ዓሣው ገበያ ወረድኩ።
አጥማጆቹ መረብ ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳዎቹ
እንደ ሰፈር ሽማግሌ ቆመው አንጀት ሲጠባበቁ፣
የአባቴ ጀልባ ሸተተኝ። ሐይቅ ሁሉ ለካ አንድ ይሸታል።
አሥራ ስድስት ወር ቀረኝ ብዬ ቆጠርኩ፤
ጣቴ አለቀ፣ ወሩ ይተርፋል።

ዓርብ፣ «አቶ ጋዴቦ ሪፈራል ተኝተዋል» ተባልኩ።
አልጋው ላይ ግማሽ ሆነው ጠበቁኝ።
«ያን ለት ላሾፍ አልነበረም» አሉ፣ ቃላቸው በትንፋሽ ተቆራርጦ፤
«ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ስጠይቀው ዝም አለ፣ ፊቱን አዙሮ ተቀምጦ።
አንተ ስንት አገር አቋርጠህ መጥተህ ‹አለ› ስትል ብሰማህ፣
ለኔ የላከው አንድ ቃል ይኖር ይሆን ብዬ ነው የጠየቅኩህ።»

ሦስት ነጥብ ያለው ስብከት ነበረኝ። ኪሴ ውስጥ ተውኩት።
ፋርማሲ ወርጄ የታዘዘውን ገዛሁ፤ ብርጭቆውን አጠብኩት፤
እንጨት ወንበር ላይ፣ እግሬ ደንዝዞ፣ የጉሉኮሱን ጠብታ እየቆጠርኩ፣
እንቅልፍ ሲያዳፋኝ እየረሳሁ፣ እንደገና ካንድ እየጀመርኩ።

ሊነጋጋ ሲል፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ፣ እጃቸው አየሩን ዳበሰ፦
«አለህ?»
«አለሁ።»
ሳላስበው ጠብቆ ወጣ። ዳንጊሶ እንዲሰማው ተመኘሁ፤
ተኝቷል፣ ከተማው ሁሉ ተኝቷል።

በነጋታው፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ቤቴ ጋ ስንደርስ፣
በሙሉ ልቤ፣ በኩራት፦ «ወራጅ አለ!»
ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።
«ማን አለ?»